የአምለሰት ሻይ

ኢንስፔክተር ሐመልማል ኮረንቲ የገደለው ሰው ብዙ አይታለች። መብራት ከጠፋ በኋላ ኮረንቲ የገደለው ሰው ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ከኮተቤ መንገድ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለው ሰፈር ከረፋድ ጀምሮ መብራት የለውም። የተራራው ንፋስ ባሕር ዛፉን ያንገላታል፣ የወርክሾፑን ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ የጎረቤት ጀነሬተር ያጓራል፤ ልብ የሚያሳርፍ ነገር አልነበረም። ዶክተር በላይነህ በጓሯቸው ባለችው ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር በጀርባቸው ወድቀዋል። ጡረታ እስኪወጡ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ማስተማር አልለቅም ያላቸው ሰው ነበሩ። ምሳ በልተው ገቡ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቢጠሯቸው አልመለሱም።

«ልብ ነው» አለ ሳጅን ቢራቱ። «ደም ግፊት ነበረባቸው አሉ። ደግሞስ ሰፈሩ በሙሉ መብራት የለው፤ ምን ይነካቸዋል?»

ሐመልማል መቀመጥ የማትወድ፣ ቆማም የማታርፍ ሴት ናት። አስከሬኑን ዞረችው፤ እንደገና ዞረችውና ተንበረከከች። በቀኝ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ላይ የሽንብራ ፍሬ የሚያህሉ ጠቆር ያሉ ቃጠሎዎች አሉ።

«ልብ ጣት ያቃጥላል እንዴ ቢራቱ?»

ሳጅኑ ደንገጥ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ዘንበል አለ። ክዳኑ የተከፈተ ትልቅ ግራጫ ሣጥን ተቀምጦበታል፤ ውስጡ የዱቄት ወተት ጣሳ የሚያህሉ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። የሣጥኑ መለኪያ ራሱ በመብራት የሚሠራ ስለሆነ ጠፍቷል። ምን ይሆናል ብሎ እጁን ሰደደ።

«እንዳይነኩት!»

ጩኸቱ ከበሩ ነው የመጣው። አንዲት ቀጭን ወጣት ሳጅኑን ገፍትራ አለፈችና ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ረጅም ዘንግ አወረደች። የዘንጉ ጫፍ መዳብ ነው፤ ከጫፉ የሚነሣው ወፍራም ሽቦ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ፊቷን አዙራ የሣጥኑን ሁለት ጫፎች ነካቻቸው።

ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ ቤቱን ሞላው፤ ከቆርቆሮው አቧራ ረገፈ።

«ኧረ በፈጣሪ!» አለ ቢራቱ፤ ያችን የተረፈች እጁን ብብቱ ሥር ደበቃት።

ልጅቷ ዘንጉን ጣለች። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች። «ስሌቴ ነው የገደላቸው።»

ይህን ቃል በሩ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት በሙሉ ሰማው። በል እንግዲህ፣ ከዚህ በኋላ ማን ይመልሰዋል!

---

አምለሰት ትባላለች። ከየካ አባዶ በየቀኑ በሚኒባስ ተጋፍታ የምትመጣ፣ ዶክተሩ ካስተማሯቸው ሁሉ መጨረሻዋና የሚመኩባት ተማሪያቸው ናት። ዶክተሩ ከሷ፣ ከማዕረግ ከሚባል ሌላ ወጣት መሐንዲስና ከድሮ ባልደረባቸው ከአቶ ልደቱ ጋር ሆነው የሚሠሩት፣ መብራት ሲጠፋ የጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ እንዳይቆም የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ያ ግራጫ ሣጥን ማለት ነው። አርብ ማታ ሣጥኑን አጠናቃ የዘጋችው አምለሰት ናት።

አስከሬኑ ለምርመራ ሲወሰድ ሐመልማል ሁሉንም ከወርክሾፑ አስወጣችና ከቢራቱ ጋር ቀረች። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ሥሩ ላይ ጥቂት የሻይ ቅጠል ቀርቷል። በካፓሲተሮቹ ጫፎች መካከል የጣት ርዝመት ያላት ነጭ የሸክላ ሬዚስተር በቡሎን ታስራለች፤ ጎኗ ላይ ቀይ ነጥብ አለባት። ሐመልማል አውራ ጣቷን በምራቋ አራሰችና ነጥቡን አሸት አደረገችው። አውራ ጣቷ ቀላ።

«የዶክተሩን መለኪያ አምጣልኝ፤ በባትሪ የሚሠራውን።»

«ይችሉበታል እንዴ?»

«ፖሊስ ከመሆኔ በፊት እዚሁ ኮተቤ ተምሬ ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ሳላርፍ ስመላለስ ተማሪዎቼ አንገታቸውን ያማቸው ነበር፤ አሁን ያንተ ተራ ነው።»

ሬዚስተሯን ፈትታ ለካቻት። መለኪያው ምንም አላሳየም። መልኳ ደህና፣ ውስጧ የተበጠሰ፤ ቅንጣት ከረንት አታሳልፍም። ሐመልማል እንደነበረች መልሳ አሰረቻት።

«ይህን ያየነው እኔና አንተ ነን» አለችው። «ለአዛዡም ቢሆን፣ ለማንም አትተነፍስም።»

---

አምለሰትን በረንዳው ጥግ አግኝታ ቦርሳዋን እንድትዘረግፍ ጠየቀቻት። የታክሲ ሳንቲም፣ የደረቀ ዳቦ፣ ቀይ የጥፍር ቀለም ወጣ። የልጅቷ ጥፍሮች ግን ባዶ ናቸው፤ በሽቦ የተቧጨሩ፣ አጥረው የተቆረጡ።

«ይህን የሚቀባው ማነው?»

«ዕቃ ላይ ነው የምጨርሰው። ለክቼ ደህና መሆኑን ያረጋገጥኩት ዕቃ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። የጥፍር ቀለም በቀላሉ አይለቅም።» ድምፅዋ ለራሷም አይሰማትም። «ጋሽ ልደቱ ‹ሬዚስተር ልትድሪ ነው ወይ› እያሉ ይቀልዱብኛል።»

«እሺ፤ አሁን አስረጂኝ። ቀስ ብለሽ።»

«ቤትዎ ሮቶ አለ?»

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ማነው?»

«ካፓሲተር ሮቶ ነው። መስመሩ ቢጠፋም የገባው ውስጡ ይቀራል፤ የዚህ ሣጥን ደግሞ ሰው ይገድላል። ወደ መጣበት እንዳይመለስም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ አግዶታል። ስለዚህ ማፍሰሻ አለው፤ ያቺ ነጭ ሬዚስተር። መስመሩ ሲጠፋ ቀስ እያለች ታጎድለዋለች።»

«እኩልታው የቱ ጋ ነው የሚመጣው?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «አንድ ሰርኪዩት ምን ላይ እንዳለ ለማወቅ ዕቃውን ሁሉ አይጠይቁም። የሚያስታውሱትን ብቻ ነው የሚጠይቁት። እዚህ ውስጥ የሚያስታውሱት ካፓሲተሩና ጥቅል ሽቦው ናቸው። ካፓሲተሩ ምን ያህል እንደሞላ፣ በጥቅሉ ውስጥ ምን ያህል ከረንት እየሮጠ እንደሆነ ካወቅን፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ለየአንዳንዳቸው አንድ መስመር እንጽፋለን፤ በምን ፍጥነት እንደሚለወጡ። የካፓሲተሩ መስመር፣ የሚገባው ሲቀነስ በማፍሰሻው የሚወጣው ነው። ለመጉደል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ያሰላሁት ከዚያ ነው።»

«ስንት ይፈጃል?»

«አንድ ብርጭቆ ሻይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተር በላይነህ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፤ ዘንጉን ሳያስነካ ሣጥን ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው ያን ቀን ከወርክሾፑ ይባረራል። ሕጉን የሚያፈርሱት ራሳቸው ነበሩ፤ እሱንም ለአንድ ሰው ሥራ ብቻ። አምለሰት በሠራችው ላይ ሲሆን ማብሪያውን ያጠፋሉ፣ ሻይ ያስመጣሉ፣ ተረጋግተው ይጠጣሉ፤ ብርጭቆው ሲያልቅ በባዶ እጃቸው ይገባሉ። «እኩልታዋን አይቼዋለሁ፤ ሻዬን ስጨርስ እሱም ይጨርሳል» ይላሉ። ማዕረግና ልደቱ ለዚህ ልማድ ስም አወጡለት፤ የአምለሰት ሻይ።

«ስንቴ ‹ዶክተር፣ ዘንጉን› ብዬ ለምኛቸዋለሁ» አለች። «ይስቁብኛል። አሁንም ሻያቸውን ጠጥተዋል፤ ብርጭቆውን አይቼዋለሁ። እኔ ያልኳቸውን ያህል፣ ከዚያም በላይ ጠብቀዋል። ስለዚህ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ የት ላይ እንደሆነ ግን አልታይ አለኝ።»

የሐመልማል ስልክ ጠራ። የጣቢያው አዛዥ ናቸው።

«ልጅቷ ራሷ ገደልኩ ብላለች፤ የምን መዞር ነው? በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ያዣትና ዝጊው።»

«ጌታዬ፣ በለቅሶ መሀል የተናገረችውን ነው እኮ...»

«ቀብሩ ነገ ነው። ከቀብሩ በኋላ መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ እፈልገዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። አምለሰት ሁሉንም ሰምታለች፤ እጆቿን ራሷ ዘረጋች። ያን አይቶ የማይናደድ ማነው? ሐመልማልም በጣም ተናደደች።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለቻት። «ገና አልጨረስኩም።»

---

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሳሎን ውስጥ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ሐመልማል ጎንበስ ብላ ጆሯቸው ሥር ጠየቀቻቸው።

«ጠዋት ማን መጣ?»

«እኔና እሱ ኪዳን አድርሰን ስንመለስ ማዕረግን ከኛ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘነው፤ ቻርጀር ረስቼ ነው አለ። ስንገባ ደግሞ ልደቱ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ከባሌ ጋር ተኳርፈው ነበር፣ ለዕርቅ ነው የመጣው። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል ልጄ። ከዚያ ባሌ ሣጥኑን አበራና ሲሠራ ቆየ፣ መብራት እስኪጠፋ።»

«ሰሞኑን ያስጨነቃቸው ነገር ነበር?»

ሴትዮዋ አሰቡ። «ሐሙስ ዕለት በስልክ ሲቆጣ ሰምቼዋለሁ። ‹አንተው ንገራት፤ ካንተ አፍ ትስማው፤ እስከ ሰኞ ካልነገርካት እኔ ሁሉም ባለበት እናገራለሁ› አለ። ማንን ነው ስለው ‹ተይው› አለኝ።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ያቺን ልጅ እንደ ልጄ ነበር የማያት። እውነት እሷ ናት?»

«አላውቅም እትዬ» አለች ሐመልማል፤ እውነቷን ነበር።

አቶ ልደቱ ግቢው ውስጥ ድንኳን የሚተክሉትን ሰዎች እያዘዙ ነው፤ ገመዱን ራሳቸው ይነጥቃሉ፣ መልሰው ያስፈቱታል። ሰው ያቃጠለውን ነገር በእጁ ሊያወጣው ሲሞክር እንዲህ ያደርገዋል።

«ከዶክተሩ ጋር ተኳርፈው ነበር አሉ።»

«አዎ ተኳርፌያለሁ! ‹መሣሪያው የልጅቷ ነው፤ በስሟ ይውጣ› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹እኛስ የማገዶ እንጨት ነን ወይ?› አልኩት። ዛሬ ጠዋት ታረቅን፤ ‹ይውጣ፤ ይሁንልህ› አልኩት። ሰው ሳልታረቅ እንዳልሞት ብሎ ይፈራል፤ ለካ ታርቆም ይሞታል።» ዓይናቸው ቀላ። «አሁን ግን ልንገርሽ፤ የልጅቷ ስሌት ስህተት ነው። ስሌቱ ልክ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ቻርጅ አይቀርም ነበር። ጧ ሲል ከመንገድ ሰማሁት እኮ!»

ማዕረግ የመጣው ከአያት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ነገሩን በስልክ ሰምቶ። ጥሩ ለብሷል፣ ጥሩ ያወራል፣ በየመሀሉ «ኦኬ» ይላል። በመስከረም ለትምህርት ውጭ አገር እንደሚሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አምለሰት ላይ አትፍረዱባት» አለ። «ማንም ይሳሳታል። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ፤ ቸኩላለች።»

«አንተ ጠዋት ወርክሾፕ ገብተህ ነበር?»

«ቻርጀር ልወስድ። ኦኬ፣ ደቂቃም አልቆየሁ።»

ሐመልማል ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ለቢራቱ ቀልድ መሰለው። ሦስቱን መሐንዲሶች ለየብቻ ወደ ወርክሾፑ እያስገባች ትልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው።

«ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ረስቼዋለሁ። ዶክተር እጃቸውን በዘረጉበት ሰዓት የነበረውን ሰርኪዩት እኩልታ ጻፉልኝ። የሁኔታ እኩልታ የምትሉትን።»

አቶ ልደቱ እያጉረመረሙ ጻፉ፤ ሁለት ጊዜ ሰረዙ። አምለሰት ለረጅም ጊዜ ደክማ ጻፈች፤ ስህተቷን ፍለጋ እያንዳንዱን ምልክት እየመረመረች፣ ወረቀቱን በእንባዋ አበላሸችው። ማዕረግ እስክሪብቶውን አንስቶ ሳያስብ፣ ስሙን እንደሚጽፍ ሰው ፈጥኖ ጻፈና ሰጣት። ከሦስቱም የሱ አጭሩ ነው።

ሐመልማል ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታ ብዙ ተመላለሰች። ከዚያ ቢራቱን ጠራችው።

«ከተረኛ ዳኛ ማዘዣ አውጣ። አያት ትሄዳለህ። ዕቃውን ሁሉ አትበርብር፤ የሚሠራበትን ጠረጴዛ ብቻ እይ። ቀይ ነጥብ ያለባት ነጭ ሬዚስተር ናት የምትፈልገው።»

«የገደለበትን ዕቃ ቤቱ ያስቀምጣል? ወንዝ አይጨምረውም?»

«መሐንዲስ አይደለህማ ቢራቱ። እነዚህ ሰዎች የተቃጠለ ሬዲዮ እንኳ አይጥሉም።»

---

አዛዡ አልተዉም። አምለሰት ያን ሌሊት ጣቢያ አደረች።

እሑድ ቀብሩ ላይ ሐመልማል በራሷ ኃላፊነት ይዛት መጣች። አምለሰት በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ ጥቁር ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ቆመች። ሕዝቡ ያያታል፣ ይንሾካሾካል፤ «ያቺ ናት»፣ «አይ የዘመኑ ልጅ» ይላል። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ፊታቸውን ሲያዞሩባት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ማዕረግ የአስከሬን ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ትከሻው ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ እንባው እውነተኛ ነው። ሰው የገደለውን ያለቅሳል፤ ምን ይደረግ፣ ያለቅሳል።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ሳለ ሐመልማል ባለቤታቸውን፣ ልደቱን፣ ማዕረግንና አምለሰትን ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበች። ቢራቱ በሩ ላይ ቆመ። ነጩ ሰሌዳ ላይ ሦስቱ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ንፋሱ አሁንም ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ ማንም ወንበር ላይ ደላድሎ የተቀመጠ የለም። በድንገት መብራት መጣ። አምፖሉ ቦግ ሲል ሁሉም ከሣጥኑ ወደ ኋላ ዘለሉ።

«አይዟችሁ፤ ሣጥኑ ከመስመር ተላቋል» አለች ሐመልማል። ወዲያው መመላለስ ጀመረች። «ከመብራቱ ልነሣ። መብራት መጥፋቱ ሁላችንንም አሳስቶናል። ቢራቱን ሊገድለው ነበር። ገዳዩ ግን መብራት እንደሚጠፋ አላወቀም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። ዶክተር በልማዳቸው ማብሪያውን አጥፍተው ነው የሚነኩት። መብራት ኃይል አጠፋላቸው፤ ልዩነት የለውም።»

«ገዳይ?» አሉ ልደቱ። «ስህተት ነው እንጂ!»

«እስቲ እንይ። ዶክተር ሻያቸውን ጨርሰዋል፤ ብርጭቆው ባዶ ነው። የአምለሰት ስሌት የሚለውን ጠብቀዋል። ሣጥኑ ግን ሙሉ ነበር። ወይ ስሌቱ ተሳስቷል፣ ወይ ሣጥኑ ስሌቱ የተሠራለት ሣጥን አልነበረም። እኔ ስሌት ከመመርመሬ በፊት ሣጥኑን መረመርኩ።» ነጯን ሬዚስተር አነሣች። «ማፍሰሻዋ የተበጠሰች ናት። የሮቶው ቧንቧ ተደፍኗል።»

አምለሰት ጮኸች። «አይሆንም! አርብ ማታ ለክቻታለሁ! ነጥብ አድርጌባታለሁ!»

«ነጥብ አለባት» አለች ሐመልማል። «በምራቅ ሳሻት ግን ለቀቀች። የጥፍር ቀለም በምራቅ አይለቅም። ይህ የዚህ ሰሌዳ ቀይ ማርከር ነው። አምለሰት ጠርሙሱ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ በማርከር ምን አስጨነቃት? ሌላ ሰው የሷን ሬዚስተር አውጥቶ በተበጠሰች ተካ፤ ምልክቷንም አስመስሎ ሠራ። ጠዋት፣ ባልና ሚስት ኪዳን ሳሉ። ያን ሰዓት እዚህ የገቡት እርስዎ ነዎት ጋሽ ልደቱ፤ አንተም ነህ ማዕረግ።»

ልደቱ ወደ ማዕረግ ዞሩ።

«ከሁለቱ የቱ ነው? ይህን ነው በወረቀት የጠየቅኋችሁ። ማፍሰሻዋ መበጠሷን ከእኔና ከቢራቱ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ከገዳዩ በቀር። ጥያቄዬም ‹አምለሰት የሠራችውን ጻፉ› አልነበረም። ‹ዶክተር እጃቸውን ሲዘረጉ የነበረውን ጻፉ› ነው ያልኩት።» ወደ ሰሌዳው ሄደች። «የጋሽ ልደቱ የካፓሲተር መስመር፣ የሚገባው ሲቀነስ በማፍሰሻው የሚወጣው። ስህተት ነው፤ ቅዳሜ የሚወጣ ነገር አልነበረም። የአምለሰትም እንደዚያው፣ ስህተት። ሁለቱም ማፍሰሻዋ ትሠራ የነበረ መስሏቸዋል።»

ወደ ሦስተኛው ወረቀት ጠጋ አለች።

«የማዕረግ መስመር፣ የሚገባው። አለቀ። የሚቀነስ የለም። ከሦስታችሁ ትክክለኛውን የጻፍከው አንተ ብቻ ነህ።»

ማዕረግ ሳቅ ሊል ሞከረ። «ኦኬ፣ ይሄ እኮ ሲምፕል... ለማሳጠር ነው የተውኩት። ጧ ማለቱንም ሁሉም ሰምቷል፤ ከዚያ ገምቼ ቢሆንስ?»

«ገምተህ ቢሆን ኖሮ ትናገር ነበር። ‹ማፍሰሻዋ ተበጥሳ ይሆናል› ብትለኝ ጓደኛህን ከእስር ታድናት ነበር። አንተ ግን ‹ቸኩላለች› ነው ያልከኝ። አፍህ ስለ ማፍሰሻዋ ዝም አለ፤ እጅህ ግን አስቀድሞ የሠራውን ሥራ ደገመ። መስመሩ ሲጠፋ ቻርጁ እስኪነኩት ድረስ ይቆያል ወይ ብለህ አስልተሃል። የሚገባው ዜሮ፣ የሚወጣው ዜሮ፤ ስለዚህ ለውጡ ዜሮ። ምንም አይጎድልም። ሻይ ቢጠጡም፣ ምሳ ቢደግሙም እዚያው ይጠብቃቸዋል።»

ቢራቱ ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለች ነጭ ሬዚስተር አወጣ። ጎኗ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀይ ነጥብ አለ። ሐመልማል አውራ ጣቷን በምራቅ አርሳ አሸችው፤ ጣቷ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ።

«ከጠረጴዛህ ላይ፣ አንተ ከምትሠራው ሰርኪዩት ውስጥ ተገጥማ ነው የተገኘችው። ለምን አልጣልካትም?»

ማዕረግ እሷን አላያትም፤ ያቺን ሬዚስተር ነበር የሚያየው። ድምፁ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«የሷ ዓይነት እዚህ አገር አይገኝም» አለ። «ልጥላት ነበር። ድልድዩ ጋ ቆሜ በእጄ ይዣት ነበር። ጥሩ ዕቃ ናት፤ እንዴት ይጣላል?»

ወይ ጉድ! ሰው ጥሎ ሬዚስተር መጣል አቃተው።

«ምን አደረገህ?» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «በላይ ምን አደረገህ ልጄ?»

መልሱን የሰጠችው ሐመልማል ናት። «‹አንተው ንገራት፤ ካንተ አፍ ትስማው› የተባለው እሱ ነው። የአምለሰትን እኩልታ የራሱ አስመስሎ ነው ትምህርቱን ያገኘው። ትናንት ማታ ለዩኒቨርሲቲው የላከውን ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ አይተነዋል፤ ቃል በቃል የሷ ነው። ዶክተር እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጡት።»

«ዘንጉን ይጠቀማሉ ብዬ ነበር» አለ ማዕረግ። «ምናልባት ያን ቀን ዘንጉን...»

«አታሹፍብኝ!» ሐመልማል ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች። «ለሻዩ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ።»

አንገቱን ደፋ። ቢራቱ እጁን ይዞ ሲያወጣው ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ።

---

ሐመልማል ወደ አምለሰት ዞረች። ነፃ ነሽ ልትላት ነበር። ልጅቷ ግን ደስ ያላት አትመስልም፤ ፊቷ ከትናንቱ ይልቅ ገርጥቷል።

«እኩልታዬ ልክ ነበር» አለች በቀስታ።

«ልክ ነበር።»

«ተሳስቼ ቢሆን፣ እንደማንም ሰው ብሳሳት ኖሮ፣ ዘንጉን ያነሡ ነበር። ስላመኑኝ ነው የሞቱት። እሱም ይህን ያውቃል፤ በዚህ ነው የገደላቸው።»

ሐመልማል ውሸት ልትነግራት አልፈለገችም፤ እውነቱን ደግሞ ልጅቷ ራሷ ተናግራዋለች። መመላለስ አማራት፣ እግሯ ግን እምቢ አለ።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ተነሥተው መጡ። ጠዋት ፊታቸውን ያዞሩባትን ልጅ አገጯን ይዘው ወደ ራሳቸው አዞሯት።

«ሻዩን ያፈላሁለት እኔ ነኝ» አሏት። «በሌላው ሥራ ላይ ሲሆን ሻይ አይጠይቀኝም፤ ሲበሳጭ ነው የሚውለው። ቅዳሜ ገና ምሳውን ሳይጨርስ ‹ሻይ አፍይልኝ፤ ዛሬ የአምለሰትን ነው የማየው› አለኝ። ብርጭቆውን ይዞ በዚህ ጓሮ እያፏጨ ነው የሄደው። እያፏጨ! እኔ ባሌን ሲያፏጭ ነው መጨረሻ ያየሁት፤ አንቺ ነሽ ያንን የሰጠሽኝ።»

አምለሰት ከቅዳሜ ጀምሮ ያጠራቀመችውን ለቅሶ አለቀሰች፤ ሴትዮዋ ደረታቸው ላይ አድርገው አቆዩአት። ልደቱ መሀረባቸውን ፈልገው ሲያጡ በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሲወጡ አምለሰት በሩ ላይ ቆመችና ተመለሰች። ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ታውቃለች፤ መስመሩ ተላቋል፣ ማፍሰሻዋም በሐመልማል እጅ ናት። ዘንጉን ከሚስማሩ አወረደች፤ ሁለቱን ጫፎች ነካቻቸው። ምንም ድምፅ አልወጣም። ትንሽ ጠበቀችና እንደገና ነካቻቸው፤ ከዚያ ዘንጉን ወደ ቦታው መለሰችና መብራቱን አጥፍታ ወጣች።